«አጥፊው» የተባልኩ ቀን

የአማርኛ መምህርት ነኝ። ሰባተኛና ስምንተኛ ክፍል አስተምራለሁ። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ለጉራ አይደለም፤ እንዲያውም ሰምታችሁ ስትጨርሱ «ልጆቻችንን የሰጠነው ለዚች ነው?» ማለታችሁ አይቀርም። ግን ነገሩ ያለዚህ አይገባችሁም። በዕድሜዬ እንደዚያ ቀን ፈርቼ አላውቅም። ያስፈራኝም ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቃት፣ በየቀኑ ከአፌ የማትጠፋ አንዲት ቃል ናት።

ያን ክረምት ቤት ውስጥ ሦስት ነበርን፤ አባቴ፣ ታናሽ ወንድሜ ገመቹና እኔ ለሊሴ። ቤታችን ቃሊቲ፣ ከዋናው መንገድ ትንሽ ገባ ብሎ ነው። ባለተሳቢ መኪና ባለፈ ቁጥር መደርደሪያው ላይ ያሉት ብርጭቆዎች ይንጫጫሉ። ገመቹ ሠርግ ይቀርጻል። እጅ ውስጥ የምትገባ፣ ቪዲዮም ፎቶም የምታነሳ ዲጂታል ቪዲዮ ካሜራ ነበረችው። ከፋሲካ በኋላ ወድቃ መመልከቻዋ ጠቆረና አዲስ ገዝቶ እሷን ቤት ጣላት። አሮጌ ላፕቶፑንም ለእኔ ተወልኝ። ሲተውልኝም እንዳለ አይደለም፤ «ቫይረስ ሰለቸኝ» ብሎ የነበረውን ሁሉ ጠርጎ ሊኑክስ የሚባል ነገር ጫነበት። የለመድኩት ምልክት ሁሉ ቦታውን ስለለቀቀ ከዚያ ወዲህ እኔና ላፕቶፑ ተኮራርፈን ነው የምንኖረው።

ከገመቹ ጋር የምንጣላው በአንድ ነገር ብቻ ነው፤ በእንግሊዝኛው። «ዲሊት አደረግኩት» ሲል «ማጥፋት የሚባል ቃል ሞቷል እንዴ?» እለዋለሁ። «ቲቪውን ኦፍ አድርጊው» ሲለኝ ደግሞ «ኦፍ ማነው? አጥፊው አይባልም?» ብዬ አፈጥበታለሁ። ሲብስበት ጊዜ ለእኔ ብቻ ንጹሕ አማርኛ መናገር ጀመረ። «ከሊሊ ጋር ሳወራ ፈተና ላይ የተቀመጥኩ ነው የሚመስለኝ» እያለ ለጓደኞቹ ያማኛል። ይቺን ያዙልኝ፤ ኋላ ትፈለጋለች።

አባቴን ሰፈሩ ጋሽ ደገፋ ይላቸዋል። የተወለዱት እዚሁ አቃቂ ነው፤ ከተማው ሳይደርስ እርሻ በነበረበት ዘመን። መሬቱ መጋዘን ሲሠራበት በሬያቸውን ፈትተው ፋብሪካ በር ላይ ዘበኛ ሆኑ፤ በዘበኝነት ጡረታ ወጡ። ካቻምና ገደማ መርሳት ጀመሩ። መጀመሪያ ዱላቸውን የት እንዳስቀመጡ፣ ቀጥሎ የጎረቤቱን ስም፣ በመጨረሻ የእኔን። «ለሊሴ» ብለው ከጠሩኝ ወራት አልፈው ነበር። «አንቺ ልጅ» ይሉኛል፤ አንዳንዴም በሟች እናቴ ስም ይጠሩኝና አቤት እላለሁ። ሰውነታቸው አለቀ፤ ነጭ ጺም አወጡ። ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ደልደል ያለ፣ ጺሙን የተላጨ ሰው አይቶ እሳቸው ናቸው የሚል አልነበረም።

የዚያ ቀን ዋዜማ እራት ላይ «ላሞቹ ጨው ቀመሱ?» አሉኝ።

ላም ከተለየን ስንት ዘመን! ገመቹ ለሠርግ ሥራ ጅማ ሄዶ ነበርና የሚያግዘኝም የለም። «ቀመሱ አባባ፣ ይብሉ እሺ» አልኳቸው። እውነቱን ለመናገር ዝም ማሰኛ መልስ ነበረች።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ወጥ ልጨው ብል የጨው ዕቃው የለም። ጎረቤት ተውሶት ይሆናል ብዬ እየተነጫነጭኩ ተውኩት። ጓሮ ወጥቼ ልብስ አጠብኩ፤ ሰማዩ ጠቁሮ ስለነበር ተጣድፌ አሰጣሁ። ተመልሼ «አባባ፣ ምሳ ደርሷል» ብል መልስ የለም። አልጋቸው ባዶ ነው። ከበሩ ጀርባ የሚሰቀለው ግራጫ ካፖርታቸው የለም። ዱላቸው የለም። የግቢው በር ገርበብ ብሏል።

በነጠላ ጫማ ነው የወጣሁት። ዋናው መንገድ ስደርስ ከባድ መኪናው፣ ታክሲው፣ አይሱዙው ተያይዞ ይበራል። እኔ ደህናዋ እንኳ ያን መንገድ ስሻገር ሦስቴ አማትባለሁ። «ግራጫ ካፖርት የለበሱ ሽማግሌ አላያችሁም? ነጭ ጺም ያላቸው?» ያላልኩት ሰው የለም። አንዷ የበቆሎ እሸት ጠባሽ ወደ ሳሪስ ሲሄዱ አየሁ አለችኝ፤ ጎኗ ያለችው ደግሞ የለም ወደ አቃቂ ነው አለች። ሁለቱም ሊያጽናኑኝ ብለው ይመስለኛል።

ሮጬ የገባሁት ሸምሱ ሱቅ ነው። ሸምሱ የስልጤ ልጅ ነው፤ የስልክ ዕቃ ይሸጣል፣ ፎቶ ኮፒ ያነሳል፣ ጽሑፍ ያትማል። አባባ ሱቁ ደጃፍ ተቀምጠው ፀሐይ ሲሞቁ የሚያዋራቸው እሱ ነው።

«አባባ ጠፉብኝ!» አልኩት።

«ኧረ በአላህ! መቼ?»

«አላውቅም፣ ልብስ ሳጥብ… አላውቅም ሸምሱ!»

«ተረጋጊ ቲቸር። ፎቷቸውን አምጪ፤ አፋልጉኝ ብለን አትመን እስከ ሳሪስ አቦ እንለጥፋለን፣ በቴሌግራምም እንበትነዋለን። ግን የአሁኑን ይሁን። ያ ግድግዳው ላይ ያለው አይሆንም፣ ሰው በእሱ አያውቃቸውም።»

ፖሊስ ጣቢያም ሄጄ ያሉኝ ይህንኑ ነው። ተቀብለው መዘገቡኝ፤ «የቅርብ ጊዜ ፎቶ ቶሎ አምጪልን፣ ለሌሎቹም ጣቢያዎች እንልካለን» አሉኝ። የቅርብ ጊዜ ፎቶ ከየት ይምጣ? ስልኬን ታክሲ ስጋፋ ወስደውብኝ አዲስ ከገዛሁ ገና ሳምንቱ ነው። ገመቹ ጋ ደወልኩ።

«እኔ ስልክ ላይ ያለው ጺም ሳያወጡ የተነሱት ነው» አለኝ። «ቆይ፣ ቆይ! ፋሲካ ዕለት ያነሳኋቸው አሉ። ዶሮ ወጡ ጋ ተቀምጠው፣ ልክ አሁን እንዳሉት። አሮጌዋ ካሜራ ውስጥ ነው ያሉት፣ አልገለበጥኳቸውም። መመልከቻዋ ስለማይሠራ ላፕቶፑ ላይ ነው የምታወጫቸው። ኬብሏ ቦርሳዋ ውስጥ አለ።»

ቤት ገባሁ። ጣሪያው ላይ የመጀመሪያዎቹ የዝናብ ጠብታዎች ጠብ ጠብ ይላሉ። አቃቂ ወንዝ በክረምት ምን እንደሚመስል ለምታውቁ አልነግራችሁም፤ ለማታውቁ ደግሞ ላፕቶፑ እስኪነሳ ድረስ እጄን በጥርሴ ነክሼ ስለ ምን እንዳሰብኩ ገምቱ።

ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አድርጌ ኬብሉን ሰካሁ። ካሜራዋ አረንጓዴ መብራት አሳየች። ላፕቶፑ ላይ አንድ መስኮት ተከፈተ፤ ውስጡ ነጭ ወረቀት የመሰሉ ትንንሽ ምልክቶች ተደርድረዋል። ምስል የላቸውም፣ ቁጥር ብቻ።

«እነሱ ናቸው» አለ ገመቹ። «ሁሉንም ምረጪና ወደ ላፕቶፑ ገልብጪያቸው።»

መረጥኩ። ሁሉም ሰማያዊ ሆኑ። መገልበጥ ጀመረ፤ አንዲት መስመር ትንሽ ትንሽ እያለች ስትሞላ ልቤም አብራ ታዘግማለች። ከዚያ መስመሯ ቆመችና ስህተት ተፈጥሯል የሚል ጽሑፍ ድንገት ዘሎ ወጣ።

«ስህተት ይላል ገመቹ! ግማሽ ላይ ቀረ!»

«አይዞሽ፣ ያቺ ካሜራ እንዲህ ትጃጃላለች። ኬብሉን አጥብቂና አጥፊው፣ ከዚያ…»

ኔትወርክ ሄደ።

«ከዚያ ምን? ሀሎ? ገመቹ? ምኑን ነው የማጠፋው?»

ደወልኩ፤ አይሠራም። ደገምኩ፤ «የደወሉላቸው ደንበኛ…» ትላለች ሴትዮዋ፤ ያን ዕለት እንደሷ የጠላሁት ሰው የለም። ዝናቡ እየበረታ ነው። እኔም እንደ መምህር አሰብኩ። ግማሽ የተገለበጠ ነገር ምን ይደረጋል? ልጅ ግማሽ ጽፎ የተበላሸበትን ደብተሩን ምን እለዋለሁ? አጥፋና እንደገና ጻፍ። ልክ ነው፤ ገመቹ ያለኝ የተበላሸውን አጥፊው ነው። ፊቴ ያሉት ምልክቶች እንደተመረጡ ናቸው። ቁልፉን ተጫንኩ። ላፕቶፑ በእንግሊዝኛ «እስከ መጨረሻው ላጥፋቸው? መመለሻ የለውም» ብሎ ጠየቀኝ። አንብቤ ገብቶኛል፤ ይህን ነው እስከ ዛሬ የማልረሳው። አዎ አልኩት።

መስኮቱ ባዶ ሆነ።

ወዲያው ስልኩ ጮኸ።

«አጠፋሽው?»

«አጠፋሁት።»

«ጎበዝ። አሁን አብሪው።»

«ምኑን?»

«ካሜራውን ነዋ!»

«ካሜራው መች ጠፋ? በርቷል እኮ።»

ከዚያ በጣም በቀስታ «ሊሊ፣ ምንድን ነው ያጠፋሽው?» አለኝ።

«ምልክቶቹን… ግማሽ የተገለበጡትን። አጥፊው አልከኝ እኮ!»

«መስኮቱ የካሜራው ነው! ካሜራው ውስጥ ያሉት ናቸው እነሱ! እኔ ካሜራውን ነው ያልኩሽ፤ ኦፍ! ኦፍ አድርጊው ነው ያልኩሽ!»

ከስንት ዘመን በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ እንግሊዝኛ ጮኸብኝ፤ አላረምኩትም። ጠዋት አባባ ጠፉ፤ አሁን መልካቸውን በገዛ እጄ አጠፋሁት። ነገ አንዱ ሐኪም ቤት፣ አንዱ ጣቢያ፣ አንዱ የወንዝ ዳር ስም የለሽ ሽማግሌ ቢገኝ ማነው እሳቸው ናቸው የሚል? እንደዚህ ነው ያሰብኩት፤ ጮክ ብዬም አለቀስኩ።

«ሊሊ፣ ስሚኝ። አታልቅሺ፣ ስሚኝ» አለ ገመቹ። «ካሜራውን አሁን አጥ… ኦፍ አድርጊው። ቁልፉን፣ ጎኑ ላይ ያለውን። ሌላ ምንም እንዳትነኪ። አንድ ፎቶ እንኳ እንዳታነሺበት። የጠፋው ገና ከካርዱ አልተፋቀም፤ ስሙ ነው የተሰረዘው እንጂ ምስሉ እዚያው አለ። በላዩ ሌላ ነገር ከተጻፈበት ነው የሚሞተው። የሙሽሮች ፎቶ የጠፋብኝ ጊዜ ነፍሴን ያተረፈ ፕሮግራም እዚያ ላፕቶፕ ላይ አለ። ካርዱን አውጥተሽ ሸምሱን ካርድ ማንበቢያ አምጣ በይው።»

ሸምሱ ሱቁን ለጎረቤት አደራ ብሎ ዝናቡን ሰንጥቆ መጣ። ጥፍር የምታህለዋን ካርድ ከካሜራዋ ሳወጣ ከእጄ ወስዶ እሱ ማንበቢያው ውስጥ አስገባት። «ቢስሚላህ» ብሎ ላፕቶፑ ላይ ሰካው። እኔም በስመ አብ አልኩ። በዚያ ሰዓት የማን ጸሎት እንደሚሰማ ማን ያውቃል።

ገመቹ ጥቁር መስኮት አስከፈተኝ። ጽሑፍ ብቻ የሚገባበት፣ ምንም ሥዕል የሌለው ጨለማ ነው። ፊደል በፊደል አስጻፈኝ፤ እኔ ደግሞ ሕፃናትን በቃለ ጽሕፈት ስንት ጊዜ እንዳስጨነቅኩ ያን ቀን ገባኝ። የይለፍ ቃል ጠየቀኝ።

«ምንድን ነው?»

«ዳለቻ። በእንግሊዝኛ ፊደል።»

ዳለቻ አባባ መሬታቸው ሲሄድ የሸጧት ላም ናት። እኔ አላየኋትም፤ ስሟን ግን ከዘመዶቻችን ስም በፊት ነው ያወቅነው። ጻፍኩ፤ መስኮቱ ላይ ግን አንዲትም ፊደል አትታይም።

«እየጻፍኩ ነው፣ ምንም አይታይም! ይሄም ጠፋ!»

«አልጠፋም። ሲጻፍ አይታይም፣ እንደዚያ ነው ጠባዩ። አምነሽ ጻፊና ግቢ።»

አምኜ ጻፍኩ። ገባ።

ቀጥሎ ዲስኮች ተዘርዝረው መጡ። «ትንሿን ምረጪ፣ ትንሿ ናት ካርዷ» አለ። የሚያገኘውን የት ላስቀምጥ ብሎ ሲጠይቅ ደግሞ «ላፕቶፑ ላይ! ካርዷ ላይ ካስቀመጥሽው ገና ባልወጣው ላይ አስከሬን ቀበርሽበት ማለት ነው» አለኝ። ሸምሱ «ኧረ ሌላ ምሳሌ ፈልግ አንተ!» ብሎ ስልኩ ላይ ጮኸ። ሦስቴ አነበብኩና ተጫንኩ። ፕሮግራሙ ካርዷን መቧጠጥ ጀመረ፤ ያገኘውን ምስል ብዛት የምትናገር ቁጥር ዜሮ ላይ ቆማለች።

ዜሮ። አሁንም ዜሮ። ውጭ መብረቅ አበራና ነጎደ። በዚያው ቅጽበት አምፖሉ ጠፋ።

«መብራት ጠፋ!» አልን እኔና ሸምሱ እኩል።

የላፕቶፑ ባትሪ አርጅቷል፤ ከግድግዳ ሲነቀል ብዙ አይቆይም። ክፍሉ ውስጥ የቀረው ብርሃን የመስኮቱ ግራጫና የላፕቶፑ ብቻ ነው። ፈርቼ ማየት አቃተኝና ዐይኔን ጨፈንኩ። እንዲህ ሆኜ አንድ ሞኝ ሐሳብ መጣብኝ፤ ሰው ጠፋ፣ ፎቶ ጠፋ፣ መብራት ጠፋ፣ ኔትወርክ ጠፋ፤ ለዚህ ሁሉ መዓት አባቶቻችን አንድ ቃል ብቻ የሰጡን ለምንድን ነው?

«ቲቸር!» አለ ሸምሱ። «ቁጥሯ ተነሳች!»

ተነስታለች። እየጨመረች ነው። ገመቹ «ካቆመ በኋላ ፎልደሩን ክፈቺ፤ ስማቸው ተደበላልቆ ነው የሚመጣው፣ አንድ በአንድ ማየት ነው» አለኝ። የባትሪው ምልክት ቀይ ሆኗል። ፕሮግራሙ ቆመ። ከፈትኩ።

ሙሽራ። ሙሽራ። ኬክ። የሰው ጫማ። ሚዜዎች። እኔ የማላውቃቸው ሰዎች ሲስቁ፣ ሲጎርሱ፣ ሲጨፍሩ። ፕሮግራሙ እኔ ያጠፋሁትን ብቻ ሳይሆን ገመቹ በዓመታት ውስጥ ያጠፋውን ሁሉ እየጎተተ አውጥቶታል። «ቶሎ፣ ቶሎ» ይላል ሸምሱ። ቀጣዩን ስከፍት አባባ ብቅ አሉ።

ፋሲካ አልነበረም። ግራጫ ካፖርታቸውን ለብሰዋል። አንድ ትልቅ የሾላ ዛፍ ሥር ቆመው መዳፋቸውን ዘርግተዋል። ከመዳፋቸው ላይ አንዲት ግራጫ ላም ነጭ ነገር ትልሳለች። ከጀርባቸው ረጅም የመጋዘን ግንብ ይታያል። አባባ ያለቅሳሉ።

ጨው። የጨው ዕቃዬ። «ላሞቹ ጨው ቀመሱ?»

«ገመቹ፣ ዛፍ ሥር ላም ጨው የሚያልሱበት ፎቶ የት ነው?»

«እሱ እንዴት ተገኘ?» አለ። «የድሮው መሬታችን ጋ ነው፣ ከመጋዘኖቹ ጀርባ፣ ወደ ወንዙ። አንድ ጊዜ ውሰደኝ ብለውኝ ወስጃቸው ነበር። የሰው ላም ናት፤ ዳለቻን መሰለቻቸው። ሲያለቅሱ ወጡብኝ፣ አንጀቴ አልችል አለና አጠፋሁት። ለእህትህ እንዳትነግር፣ ታዝናለች አሉኝ። ሊሊ፣ እዚያ ሄደው ነው ብለሽ…? አሁን እኮ ዙሪያው ታጥሯል…»

ላፕቶፑ ጠፋ። ይጥፋ። እኔ አይቻለሁ።

ሸምሱ የጎረቤቱን ባጃጅ ቀድሞ አስነስቷል። ስንገሰግስ ጎርፉ በጎማው ላይ ይናጣል፤ ባለተሳቢዎቹ ባለፉ ቁጥር ጭቃ ይደፉብናል። ከዋናው መንገድ ተጠምዝዘን በመጋዘኖቹ መካከል ባለው የኮረት መንገድ ገባን። አጥሩ ማለቂያ የለውም። ከዚያ ድንገት ተቋረጠና ሾላው ብቅ አለ። ባጃጁ ሳይቆም ነው የዘለልኩት።

ከዛፉ ሥር ሰው የለም።

አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ነጭ ነገር ተቆልሏል። ቀርቤ ነካሁት፤ ጨው ነው፤ በዝናቡ እየሟሟ በድንጋዩ ጠርዝ ይንጠባጠባል። የፕላስቲክ ዕቃዬ አጠገቡ ተገልብጦ ወድቋል። ከድንጋዩ ወዲያ የሣር ቁልቁለት ነው፤ ከቁልቁለቱ ሥር አቃቂ ወንዝ ሞልቶ፣ ጭቃ መስሎ ያገሳል። ቁልቁለቱ ላይ ሰው የተንሸራተተበት የሚመስል መስመር አለ።

«አባባ!» ብዬ ጮህኩ። ድምፄን ወንዙ ዋጠው። ሸምሱ ክንዴን ይዞ «አትውረጂ፣ ያዳልጣል!» ይላል፤ እኔ እጎትተዋለሁ። ያን መስመር እያየሁ እግሬ ሥር ያለው መሬት ሁሉ የሚፈስ መሰለኝ። ፎቶውም፣ ፖሊሱም፣ ቴሌግራሙም ከእንግዲህ ምን ያደርጋሉ አልኩ። አለቀ አልኩ።

«ለሊሴ!»

ከኋላዬ ነው። ዞርኩ። ከግንቡ ጥግ የመጋዘኑ ጥበቃ የሚሠራባት የቆርቆሮ ዳስ አለች። በሯ ላይ አባባ ግራጫ ካፖርታቸውን ደርበው፣ የሰው ብርድ ልብስ ትከሻቸው ላይ ተጥሎ፣ ዱላቸውን ይዘው ተቀምጠዋል። ትክ ብለው እያዩኝ ነው።

«ለሊሴ» አሉኝ እንደገና፤ ቅር እንዳለው ሰው። «ምነው ጠፋሽ? የት ጠፍተሽ ነው?»

ሰው ሲናፍቀን፣ ስንገናኝ፣ ሁላችንም እንደዘበት የምንላት ቃል ናት። ከወራት በኋላ ስሜን የጠሩኝ ያን ጊዜ ነው። ሮጬ ጭቃው ላይ ተንበረከክኩና ጉልበታቸውን ያዝኩ። የሚገባትን መልስ አፌ ራሱ መለሰላቸው።

«አለሁ አባባ። አለሁ።»

ጥበቃው፣ አንድ ጎልማሳ ሰውዬ፣ «ዝናቡ ሲጀምር አስገባኋቸው» አለን። «ልጆችዎ ማን ማን ይባላሉ ብላቸው የላም ስም ቆጠሩልኝ። በዘበኝነት ነው የኖርኩት ሲሉኝ ግን ያው የሥራ ባልደረባ ናቸው ብዬ ሻይ አጋራኋቸው።» ቁልቁለቱ ላይ የነበረው መስመር ሰፈርተኛው ወደ ወንዙ ቆሻሻ የሚጎትትበት ነበር።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ተቀይሯል። አባባ ኪስ ውስጥ ስማቸውና ስልካችን አለ። ፎቷቸው በእኔም በገመቹም በሸምሱም ስልክ አለ። የፋሲካው ከነዶሮ ወጡ ተገኝቷል፤ ግድግዳው ላይ የሰቀልነው ግን እሱን ሳይሆን ያን የሚያለቅሱበትን ነው። ቤታችን ውስጥ «ኦፍ» እና «ዲሊት» በአዋጅ ተፈቅደዋል። ክፍል ገብቼ ብዙ ፍቺ ያለው ቃል ሳስተምር ምሳሌ ስጡኝ አልልም፤ እኔ ነኝ የምነግራቸው።

እናንተንም አንድ ነገር ልለምናችሁ። ቤታችሁ የሚረሳ ሽማግሌ ወይም አሮጊት ካለ፣ ጥያቄያቸውን በ«እሺ» እና በ«አዎ» ዝም አታሰኙት። «ቀመሱ አባባ» ባልኩበት አፌ «የትኞቹ ላሞች? የት ነው ያሉት?» ብዬ ቢሆን ኖሮ የት እንደሚሄዱ እሳቸው ራሳቸው ከዋዜማው ይነግሩኝ ነበር። እሳቸው ሄደው አልጠፉም፤ የነበሩበት ቦታ ነው የጠፋው። እኔም ያን ቀን ባላጠፋ ኖሮ፣ ገመቹ ያጠፋው አይገኝም ነበር፤ እሱ ባይገኝ እኛ ፋሲካን ይዘን ሳሪስ ላይ ወረቀት ስንለጥፍ ይመሽ ነበር። ይህን ሳስብ እስከ ዛሬ ይዘገንነኛል።

አሁን ወር በመጣ ቁጥር ጨው ይዘን ሾላው ጋ እንሄዳለን። ላም ይኑር አይኑር ድንጋዩ ላይ ያፈሱታል። ስሜን አንዳንድ ቀን ያውቁታል፤ ብዙ ቀን አያውቁትም። አንዲቷን ቃል ግን አልረሷትም። ውኃ ላመጣላቸው ወደ ጓዳ ገብቼ ስወጣ እንኳ ቀና ብለው «ምነው ጠፋሽ?» ይሉኛል።

እኔም ሥራዬን ሁሉ ጥዬ፣ ፊታቸው ቆሜ፣ «አለሁ» እላቸዋለሁ።